የእርሳስ ወይስ የብረት ፍሬ? ለሸክላ ዒላማ ተኩስ ክለቦችና ለአባሎቻቸው የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

የብሪታንያ መንግሥት በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ የእርሳስ ጥይት ሽያጭንና አጠቃቀምን እንደሚገድብ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ በአየር ላይ የሚወረወር ትንሽ ተሰባሪ ሳህን በሚተኮስባቸው የሸክላ ዒላማ ተኩስ ክለቦች ውስጥ፣ የጥይቱ ፍሬ የእርሳስ ይሁን የብረት በሚል ለዓመታት ሲንከባለል የኖረው ክርክር መልኩን ቀይሯል። እገዳው ከሦስት ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ በኋላ በ2029 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ እንዲውል የታቀደ ሲሆን፣ በሾትገን (በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎችን በሚረጭ ጠመንጃ) ተኩስ በኩል ክፍት የተተወው በር ለዓለም አቀፍ ውድድር ለሚዘጋጁ ከፍተኛ ስፖርተኞች የታሰበ ጠባብ በር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት እርምጃዎች የሸክላ ተኳሹን እምብዛም አልነኩትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ የወጣው ደንብ የውኃ ወፎችንና ረግረጋማ ቦታዎችን የሚመለከት ነበር፤ ዘጠኝ የተኩስና የገጠር ድርጅቶች በፌብሩዋሪ 2020 በአምስት ዓመት ውስጥ ከእርሳስ ለመውጣት የገቡት ቃልም የሚመለከተው አደንን ነበር። አሁን ግን ጉዳዩ በእያንዳንዱ ክለብ ደጅ ላይ ቆሟል።

ይህ መመሪያ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው። አንዱ ክለቡ መቼና እንዴት ይቀይር የሚለውን መወሰን ያለበት የኮሚቴ አባል ነው፤ ሌላው ቅዳሜ ጠዋት መቶ ሸክላ ሊተኩስ ጠመንጃውን መኪናው ላይ የሚጭነው ተራ አባል ነው። ጥያቄያቸው የተለያየ ቢመስልም የአንዱ መልስ የሌላውን ያስራል፤ ስለዚህ አንድ ላይ አቅርቤዋለሁ። አቋሜንም ከመነሻው ልናገር፦ ብረት ሸክላ ይሰብራል ወይስ አይሰብርም የሚለው ብዙ ጊዜ የሚባክንበት ጥያቄ ከሁሉም የቀለለው ነው። ከባዶቹ የጠመንጃው ዕድሜ፣ በጥይቱ ውስጥ በባሩዱና በፍሬዎቹ መካከል የሚገባው የውታፉ ዓይነትና የተኩስ ሜዳው አቀማመጥ ናቸው።

በአንድ የሾትገን ጥይት ውስጥ ከግርጌ ማቀጣጠያው፣ ከእሱ በላይ ባሩዱ፣ ቀጥሎ ተኳሾች ዋድ የሚሉት ውታፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቃቅኖቹ ክብ ፍሬዎች ይገኛሉ። የምንነጋገረው ስለነዚህ ፍሬዎች ነው። በአማርኛ አረር የሚለው ቃል እርሳስንም ጥይትንም ሲያመለክት የኖረ መሆኑ ሁለቱ ነገሮች በሰው አእምሮ ውስጥ ምን ያህል ተዋህደው እንደቆዩ ያሳያል። በንግድ ስሙ ስቲል የሚባለው ፍሬም በእርግጥ ጠንካራ የመሣሪያ ብረት አይደለም፤ ካርቦኑ የተቀነሰለት ለስላሳ ብረት ነው። ለስላሳ ቢባልም ከእርሳስ ጋር አይወዳደርም። አንድ ጠመንጃ ሠሪ በክለባችን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጥይቶችን በጥንቃቄ ከፍቶ ፍሬዎቻቸውን በነጭ ሳህን ላይ ሲዘረግፍልን አይቻለሁ። የእርሳሱን ፍሬ በፒንሳ ሲጨምቀው እንደ ሊጥ ተለጠጠ፤ የብረቱ ግን ፍንክች አላለም። ከዚህ በታች የምለው ነገር አብዛኛው ከዚያች ትንሽ ልዩነትና ከክብደቱ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

መሬቱ

አንድ ተኳሽ 28 ግራም ፍሬ ያለበት ጥይት ቢጠቀምና መቶ ጊዜ ቢተኩስ፣ ሜዳው ላይ የሚጥለው እርሳስ 2.8 ኪሎ ግራም ይሆናል። በአንድ ቅዳሜ ሃምሳ ሰው ቢመጣ 140 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ክለቡ በዓመት ሃምሳ ሳምንት ክፍት ከሆነ ደግሞ 7 ቶን ማለት ነው። ይህን ስሌት እያንዳንዱ ኮሚቴ በራሱ የሽያጭ መዝገብ ተመሥርቶ ቢሠራው እመክራለሁ፤ ምክንያቱም አሥርና ሃያ ዓመት በአንድ አቅጣጫ የተተኮሰበት መሬት ምን እንደተሸከመ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም።

እርሳስ አይበሰብስም። አሲዳማና እርጥበት ያለበት አፈር ውስጥ ሲቆይ ግን ላዩ ቀስ በቀስ እየተበላ ወደ አፈሩና ወደ ውኃው ይገባል። ጥርስ የሌላቸው ወፎች ምግባቸውን በሆዳቸው ውስጥ ለመፍጨት ጠጠር ስለሚውጡ ፍሬውን ከጠጠር ጋር ይለቅሙታል፤ መፍጫው ፍሬውንም አብሮ ይፈጨዋል፣ መርዙም ወደ ደማቸው ይገባል። ክለቦች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። ፍሬው ከሚወድቅበት መስክ ላይ የታጨደ ሣር ለከብት መኖ ገፈራ (በእርጥቡ ታሽጎ የሚብላላ መኖ) ሆኖ ሲቀበር፣ የገፈራው አሲድ እርሳሱን ያሟሟዋል፤ በዚህ መንገድ ከብቶች ተመርዘዋል። መሬቱን ከገበሬ የተከራየ ክለብ ሁሉ ሣሩ ወዴት እንደሚሄድ ዛሬውኑ መጠየቅ አለበት።

በእርሳስ በኩል አንድ ሐቀኛ ነጥብ አለ። እርሳስ ከሜዳው ላይ ተለቅሞ ሊሸጥ የሚችል ዋጋ ያለው ብረታ ብረት ነው፤ የብረት ፍሬ ግን ዝጎ ከአፈሩ ጋር ይዋሃዳል፣ ለቅሞ የሚያተርፍበትም የለም። አንዳንድ ክለቦች በየጥቂት ዓመቱ እርሳሱን ማስለቀማቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ማስለቀም የሚቻለው ሜዳው ደልዳላና ክፍት ሲሆን ነው፤ በጫካ፣ በገደላማ ቦታ ወይም በኩሬ ዳር የወደቀውን ማንም አያወጣውም። ወደ ብረት መቀየርም ቢሆን ለወደፊቱ ይጠቅማል እንጂ ያለፈውን አያጸዳም። ክለቡ ከቀየረ በኋላም የአፈሩን አሲዳማነት ማስለካትና እንዳስፈላጊነቱ ኖራ እየጨመረ በ6.5 እና በ8.5 ፒኤች መካከል ማቆየት ይኖርበታል፤ በዚህ መጠን ውስጥ እርሳስ የመሟሟት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ብረትም የራሱ ጣጣ አለው። ፍሬው ስለማይለጠጥ ድንጋይ፣ ኮንክሪት ወይም የብረት አጥር ሲመታ ከእርሳስ ይበልጥ ነጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ኮሚቴው በየተኩስ ቦታው ቆሞ ከአፈሙዙ ፊት ምን ጠንካራ ነገር እንዳለ ማየት፣ የሸክላ መወርወሪያ ማሽኖቹን መከለያ መፈተሽና የዓይን መከላከያ መነጽርን ለተኳሹም ለተመልካቹም ግዴታ ማድረግ አለበት። በደን ውስጥ የተሠራ ክለብ ከሆነ ደግሞ ከባለ ደኑ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ግድ ነው፤ በግንድ ውስጥ የተቀበረ የብረት ፍሬ የመጋዝ ጥርስ ያበላሻል፣ የእንጨቱንም ዋጋ ይቀንሳል።

ፍሬው ሸክላውን ሲያገኘው

የእርሳስ እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ገደማ ሲሆን የብረቱ 7.9 ገደማ ነው። እኩል ስፋት ካላቸው ፍሬዎች የብረቱ በሦስት አሥረኛ ያህል ይቀልላል ማለት ነው። ቀላል ፍሬ አየሩን ለመሰንጠቅ ያለው አቅም አነስተኛ ስለሆነ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል። ይህን ለማካካስ ጥይት አምራቾች ሁለት ነገር ያደርጋሉ፦ ፍሬውን ያሳድጉታል፣ መነሻ ፍጥነቱንም ጥቂት ይጨምራሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ የፍሬው መጠን የሚገለጽበትን ቁጥር ትቶ ሚሊ ሜትርን እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ። በካርቶኑ ላይ ቁጥር 7 የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝ አቆጣጠር 2.4 ሚሊ ሜትር፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ግን 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ጥይቶችን በቁጥር ብቻ ያወዳደረ ሰው ሳያውቀው የተለያዩ ነገሮችን ያወዳድራል።

በሚሊ ሜትር ስናሰላው ነገሩ ይጠራል። 2.3 ሚሊ ሜትር የሆነ የእርሳስ ፍሬ፣ ማለትም በእንግሊዝ ክለቦች የተለመደው ቁጥር 7½፣ 0.07 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህን ክብደት በብረት ለማግኘት ፍሬው ወደ 2.6 ሚሊ ሜትር ማደግ አለበት። በብሪታንያ የሸክላ ተኩስ ደንብ የሚፈቀደው ትልቁ ፍሬ ደግሞ ልክ 2.6 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ተኳሹ ደንቡን ሳይጥስ የቀድሞውን የፍሬ ክብደት ሙሉ በሙሉ መተካት ይችላል፤ 28 ግራም ውስጥ የሚገባው የፍሬ ብዛትም በሁለቱም በኩል ከ390 እምብዛም አይርቅም። ልዩነቱ የብረቱ ፍሬ ሰፋ ያለ በመሆኑ አየሩ ይበልጥ የሚይዘው መሆኑ፣ እንዲሁም ያው 28 ግራም ብረት በቀለሁ ውስጥ አርባ በመቶ ያህል ተጨማሪ ቦታ የሚፈልግ መሆኑ ነው። ብዙ የብረት ጥይቶች በ24 ግራም የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ይህ የቦታ ጥበት ነው።

የ24 ግራም የብረት ጥይት ሲባል ፊቱን የሚያጨፈግግ ተኳሽ አጋጥሞኛል፤ ስሌቱን ግን አብረን እናስላው። 24 ግራም ባለ 2.4 ሚሊ ሜትር የብረት ፍሬ 420 ገደማ ፍሬዎችን ይይዛል፤ 28 ግራም ባለ 2.3 ሚሊ ሜትር እርሳስ የሚይዘው 390 ገደማ ነው። ክብደቱ ቀነሰ እንጂ የፍሬው ብዛት አልቀነሰም። ትከሻን የሚመታው ኃይልም ስለሚቀንስ መቶ ጊዜ ለሚተኩስ ሰው፣ በተለይም ለጀማሪዎችና ለወጣቶች፣ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሸክላው ራሱ የ110 ሚሊ ሜትር ስፋትና 105 ግራም ገደማ ክብደት ያለው፣ በፍጥነት እየተሽከረከረ የሚበር ተሰባሪ ሳህን ነው። እንደ አውሬ በርትቶ አይሸሽም፣ ቆስሎም አያመልጥም። ስለሆነም ስኪት በሚባለው የቅርብ ርቀት የተኩስ ዓይነትና ስፖርቲንግ በሚባለው፣ ርቀቱና አቅጣጫው በሚለያየው የተኩስ ዓይነት በአብዛኛው ዒላማ፣ እስከ 30 እና 35 ሜትር ድረስ፣ በአግባቡ የተመረጠ የብረት ጥይት ሸክላውን እንደ እርሳስ ይሰብረዋል። ለቅርብ ዒላማ 2.2 ወይም 2.4 ሚሊ ሜትር፣ ለመካከለኛው 2.4 ወይም 2.5፣ ለሩቁ 2.6 ሚሊ ሜትር ብዬ እመርጣለሁ። ከ40 ሜትር በላይ ግን እርሳስ ይበልጣል፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። በተለይ ጠርዙን ብቻ እያሳየ የሚርቅ ሸክላ በብረት ሲመታ ቀዳዳ ይዞ ሳይሰበር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ክለቦች ለዚህ መልስ የሚሰጡት ዒላማዎቹን በማቅረብ ነው፤ የዒላማ አቀማመጥ ጥበብ በርቀት ብቻ አይለካምና፣ በፍጥነትና በማዕዘን ተኳሹን መፈተን ይቻላል።

ጠመንጃው

አንድ አባል መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ይህ መሆን ነበረበት። ብዙ ጊዜ ግን መጨረሻ ላይ ይመጣል።

በአውሮፓ የጦር መሣሪያ ፍተሻ ደንብ መሠረት የብረት ጥይት ሁለት ደረጃ አለው። መደበኛው ደረጃ በተለመደው ግፊት የተሠራ ሲሆን፣ ለጭስ አልባ ባሩድ ተፈትኖ ማኅተም ባለው፣ በመልካም ይዞታ ላይ በሚገኝ ጠመንጃ ሊተኮስ ይችላል። ከፍተኛ አቅም የሚባለው ደረጃ ግን በተለይ ለብረት የተፈተነና ፍለር-ደ-ሊ የተባለው የአበባ ቅርጽ ያለው ማኅተም የታተመበት ጠመንጃ ይፈልጋል። ለሸክላ ተኩስ የሚሸጠው ጥይት በአብዛኛው መደበኛው ስለሆነ፣ ላለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት የተሠራ ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የቱቦው ስፋት መለኪያ ነው) ጠመንጃ ያለው ሰው ብዙ የሚያሳስበው ነገር የለም። የጥይቱ ርዝመት ግን በጠመንጃው ላይ ከተጻፈው የጥይት ማረፊያ ርዝመት መብለጥ የለበትም፤ ይህ ለእርሳስም የሚሠራ ሕግ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ቾክ ይታያል። ቾክ በአፈሙዙ አካባቢ የጠመንጃው ቱቦ የሚጠብበት ክፍል ሲሆን፣ የፍሬው መንጋ ቶሎ እንዳይበተን ያደርጋል። እርሳስ በዚህ ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይጨመቃል፤ ብረት ግን አይጨመቅም፣ ስለዚህ ግፊቱን ቱቦው ይሸከመዋል። በጣም ጠባብ ቾክ ባለው ስስ ቱቦ ላይ ከጊዜ በኋላ በአፈሙዙ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ እብጠት ሊወጣ ይችላል። በብሪታንያ ሲሰጥ የቆየው ምክር ከግማሽ ቾክ፣ ማለትም ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥበት፣ እንዳይበልጥ ነው። ደግነቱ የብረት ፍሬ ክብነቱን ጠብቆ ስለሚወጣ መንጋው በራሱ የተሰበሰበ ነው፤ በእርሳስ ግማሽ ቾክ ይጠቀም የነበረ ሰው በብረት ሩብ ቾክ ቢጠቀም ተቀራራቢ ውጤት ያገኛል። ተነቃይ ቾክ ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ ይቀይረዋል። ቋሚና ጠባብ ቾክ ያለው ደግሞ ወደ ጠመንጃ ሠሪ ሄዶ ያስከፍተዋል።

ችግሩ ያለው ከአያትና ከአባት የተወረሱ ጠመንጃዎች ላይ ነው። በጠምዛዛ ብረት የተሠሩ የደማስቆ ቱቦዎች፣ ሁለት ቱቦዎቻቸው ጎን ለጎን የተቀመጡና ግድግዳቸው የሳሳ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ እንዲሁም ማረፊያቸው አጭር የሆኑ ጠመንጃዎች ለብረት አይሆኑም ወይም ያለ ባለሙያ ምርመራ መሞከር የለባቸውም። ለእነዚህ ቢስመዝ የተባለው ማዕድን አለ፤ እፍጋቱ ከ10 ያነሰ ቢሆንም ከብረት ይበልጣል፣ ለስላሳም ስለሆነ አሮጌ ቱቦን አይጎዳም። ዋጋው ግን ከብረት እጅግ ስለሚበልጥ መቶ ሸክላ ለመተኮስ የሚታሰብ አይደለም። ለእንዲህ ያሉ አባላት የምሰጠው ምክር፣ የተወረሰውን ጠመንጃ በዓመት ለጥቂት ልዩ ቀናት በቢስመዝ እንዲያወጡትና ለዘወትሩ ያገለገለ ዘመናዊ ጠመንጃ እንዲገዙ ነው። ያዝናል፤ ነገር ግን የዕድሜ ባለፀጋ የሆነን ቱቦ ከማበላሸት ይሻላል።

ውታፉ

ኮሚቴዎች ሳይዘጋጁ የሚያዙት እዚህ ነው። በእርሳስ ዘመን ብዙ ክለቦች፣ በተለይ ከብት በሚሰማራበት መሬት ላይ ያሉት፣ የፕላስቲክ ውታፍ ከልክለው የፋይበር ውታፍ ብቻ ይፈቅዱ ነበር፤ ፋይበሩ ዝናብ ሲመታው ይበሰብሳል። የብረት ፍሬ ግን ቱቦውን እንዳይቧጭር ሙሉ በሙሉ በሚሸፍነው ጽዋ ውስጥ ተቀምጦ መውጣት አለበት፤ ተራ የፋይበር ውታፍ ይህን አይሠራም። ርካሹ መፍትሔ የፕላስቲክ ጽዋ ነው። ያን የፈቀደ ክለብ ግን በየቅዳሜው በሺዎች የሚቆጠር ፕላስቲክ በሣሩ ላይ ይበትናል፤ አንዱን ብክለት በሌላ ብክለት መለወጥ ነው የሚሆነው።

ለዚህ የተሠሩ ከዕፅዋት የሚመነጩ፣ በአፈር ውስጥ የሚበሰብሱና በውኃ የሚሟሙ ጽዋዎች አሁን ገበያ ላይ አሉ። ዋጋቸው ከፕላስቲኩ ከፍ ይላል፤ የሚበሰብሱበት ፍጥነትም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ኮሚቴው በካርቶኑ ላይ ያለውን ቃል ብቻ ከማመን ይልቅ ከየዓይነቱ ጥቂት የተተኮሱ ውታፎችን በሜዳው አንድ ጥግ አስቀምጦ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅባቸው ቢያይ፣ ለአባላቱ በዓይኑ ያየውን መናገር ይችላል። ውሳኔው በክለቡ ሱቅ በሚሸጠው ጥይት ላይ ብቻ ሳይወሰን ከውጭ በሚመጣውም ላይ በጽሑፍ መውጣት አለበት።

መቼና እንዴት ይቀየር

ክለቦች ሦስት መንገድ አላቸው። የመጀመሪያው እገዳው እስኪገባ በእርሳስ መቀጠል ነው። ሜዳው ሊለቀም የሚችል፣ ከውኃና ከግጦሽ የራቀ ክለብ ይህን ቢመርጥ አይወቀስም፤ ግን በእያንዳንዱ ዓመት ወደ መሬቱ የሚገባውን ቶን ከፊቱ አስቀምጦ መወሰን አለበት። ሁለተኛው ለጥቂት ዓመታት እርሳስም ብረትም በአንድነት መፍቀድ ነው። ብዙ ኮሚቴዎች ሰላም ለመፍጠር ሲሉ ይህን ይመርጣሉ፤ እኔ ግን ከሦስቱ የከፋው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እርሳሱ መውደቁን ይቀጥላል፣ የፍሬ መንጠርና የዛፍ ጉዳትም ከዚያው ቀን ይጀምራል፤ የሁለቱም ወጪ ይከፈላል፣ የአንዱም ጥቅም ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ሦስተኛው ቀን ቆርጦ በዚያ ቀን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ቢነገር አባላት ያላቸውን ጥይት ይጨርሳሉ፣ ጠመንጃቸውን ያስመረምራሉ፣ ክለቡም የመሞከሪያ ቀናት አዘጋጅቶ የብረት ጥይት በተኳሾቹ እጅ ያስገባል። ኩሬ፣ ወንዝ ወይም የግጦሽ መሬት በፍሬው መውደቂያ ክልል ውስጥ ያለው ክለብ ይህን መንገድ ዛሬ መጀመር አለበት፤ ይህ ክልል በተለምዶ ከተኩስ ቦታው ፊት እስከ 275 ሜትር ድረስ ይታሰባል።

ከቀየሩ በኋላ ቁጥጥሩ ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ማግኔት በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ትበቃለች። የጥይቱ መቀመጫ ብዙ ጊዜ በነሐስ የተለበጠ ብረት ስለሆነ እሱ ላይ ማስጠጋት ያሳስታል፤ ማግኔቷ ፍሬዎቹ ባሉበት በላይኛው ጫፍ በኩል መሞከር አለባት። ከያዘች ብረት ነው፤ ካልያዘች እርሳስ ወይም ቢስመዝ ስለሆነ ካርቶኑ ይታያል። በዚሁ ጠረጴዛ ላይ እርጥበት የነካቸው አሮጌ የብረት ጥይቶችም ይለዩ፤ ፍሬዎቹ በዝገት እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ አንድ ድፍን አረር ሊወጡ ይችላሉና በምንም ምክንያት መተኮስ የለባቸውም። እጅ መታጠብም አይቀርም፤ እርሳስ ከፍሬው ቢወጣም በብዙ ጥይቶች ማቀጣጠያ ውስጥ አሁንም የእርሳስ ውሕድ ስላለ፣ ተኳሹ ሻይውን ከመጠጣቱ በፊት በሳሙና ቢታጠብ መልካም ነው። በቤት የቀረ የእርሳስ ጥይት ካለ ቆሻሻ ውስጥ አይጣል፣ አይቀበርም፤ ፈቃድ ወዳለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ ይወሰድ።